መርፌው ከጥያቄው አይቅደም፦ በቀዶ ሕክምና በወለዱ እናቶች ላይ የድኅረ ወሊድ ድባቴን በማደንዘዣና በአረጋጊ መድኃኒቶች ስለ መከላከል

የመመረቂያ ጥናቴን ርዕስ ስመርጥ በመጀመሪያ የያዝኩት ሐሳብ እጅግ ቀላልና ማራኪ ነበር። በቀዶ ሕክምና የምትወልድ እናት እትብቱ ከታሰረ በኋላ አነስተኛ መጠን ያለው ኬታሚን ይሰጣታል፤ ሌላዋ አይሰጣትም፤ በስድስተኛው ሳምንት ሁለቱም ስለ ስሜታቸው ይጠየቃሉ፤ ልዩነቱ ይሰላል። መድኃኒቱ በየቀዶ ሕክምና ክፍላችን አለ፤ ዋጋው ርካሽ ነው፤ አሰጣጡን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰሞኑን ከውጭ የሚታተሙትን ውጤቶች ያነበበ ሁሉ እንዲህ ያለ ጥናት በአገራችን ለምን እስካሁን አልተስፋፋም ብሎ ቢገረም አይፈረድበትም። እኔም ተገርሜ ነበር። ጽሑፎቹን ደግሜ ሳነብ ግን የዕቅዴን የመጀመሪያ ገጽ ቀድጄ ጥያቄውን ከሌላ አቅጣጫ ለመጀመር ተገደድሁ። ይህ ጽሑፍ ለምን እንደ ተገደድሁ ያስረዳል።

በቅድሚያ ውጤቶቹን በሚገባቸው ክብር እናንሣ። በ2024 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣው የቻይና ጥናት በአምስት ሆስፒታሎች የተካሄደ፣ በዕጣ የተመደበና በማስመሰያ መድኃኒት የተነጻጸረ ነበር። እናቶቹ ልጃቸው ተወልዶ እትብቱ ከታሰረ በኋላ በኪሎ ግራም 0.2 ሚሊ ግራም ኤስኬታሚን በአርባ ደቂቃ ውስጥ በደም ሥር ተሰጣቸው። በ42ኛው ቀን በቃለ መጠይቅ ሲመረመሩ መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል 6.7 በመቶው፣ ማስመሰያውን ከወሰዱት ደግሞ 25.4 በመቶው ከባድ ድባቴ ተገኝቶባቸዋል። በዚያው ዓመት በጃማ ኔትወርክ ኦፕን የታተመው ሌላ የቻይና ጥናት በቀዶ ሕክምና በወለዱ እናቶች ላይ ዴክስሜዴቶሚዲንን ፈትኗል። መድኃኒቱ ከወሊድ በኋላ በመርፌ፣ ከዚያም እናቲቱ ራሷ በምትቈጣጠረው የሕመም ማስታገሻ ፓምፕ አማካይነት ለ48 ሰዓት ተሰጠ። በ42ኛው ቀን የድባቴ ምልክት የታየባቸው 11.4 በመቶ ሲሆኑ በንጽጽሩ ቡድን 30.3 በመቶ ነበሩ። በሥነ አእምሮ ሕክምና ታሪክ አንድ ጊዜ የተሰጠ መድኃኒት ከስድስት ሳምንት በኋላ ይህን ያህል ልዩነት ሲያሳይ ማየት የተለመደ አይደለም።

ሐሳቡ ከሰማይ የወረደም አይደለም። ኬታሚን በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ከተሠራ ጀምሮ የታወቀው በማደንዘዣነቱ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. በዬል ዩኒቨርሲቲ ሰባት የድባቴ ሕሙማን ብቻ የተሳተፉበት አነስተኛ ጥናት ግን ከማደንዘዣው መጠን እጅግ ያነሰ ኬታሚን በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ስሜትን ሊያቀና እንደሚችል አመለከተ። ኤስኬታሚን የዚያው ሞለኪውል አንድ ወገን፣ ማለትም ግራ እጅ ከቀኝ እጅ እንደሚለይ ከመንትያው የሚለየው ቅርጽ ነው። በእኛ ሆስፒታሎች ያለው ሁለቱን የቀላቀለው ኬታሚን ነው። ሁለቱም የሚሠሩት በአንጎል ውስጥ የግሉታሜት መልእክት የሚያልፍበትን ኤንኤምዲኤ የተባለውን ተቀባይ በመዝጋት ነው። ዴክስሜዴቶሚዲን ከዚህ ጋር ዝምድና የለውም፤ የኖርአድሬናሊንን ፍሰት በመቀነስ ያረጋጋል፣ ሕመምን ይቀንሳል፣ ከተፈጥሯዊ እንቅልፍ ጋር የሚቀራረብ እንቅልፍ ያመጣል። መንገዳቸው የተለያየ ሁለት መድኃኒቶች አንድ ዓይነት ውጤት ማሳየታቸው ራሱ ሊያስጠረጥረን ይገባል። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ተሳታፊዎቹ። በሁለቱም የ2024 ጥናቶች የተመዘገቡት እናቶች በእርግዝናቸው ወቅት ተጠይቀው የድባቴ ምልክት የታየባቸው ነበሩ። በኤስኬታሚኑ ጥናት መግቢያው በኤዲንብራ የድኅረ ወሊድ ድባቴ መለኪያ 10 ነጥብና ከዚያ በላይ ማግኘት ነበር። ስለዚህ ጥናቱ የሚለው «በወሊድ ጊዜ ኤስኬታሚን ድባቴን ይከላከላል» አይደለም፤ «ድባቴ አስቀድሞ የጀመራትንና አስቀድመን ያወቅናትን እናት ይጠቅማል» ነው። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ተመሳሳይ ይምሰሉ እንጂ በመካከላቸው አንድ ሙሉ የጤና አገልግሎት አለ።

ማንም ሳይለይ ለሁሉም ሲሰጥ ምን ይሆናል? በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በኪሎ ግራም 0.25 ሚሊ ግራም ኬታሚን በአንድ ጊዜ ሰጥቶ ድባቴን እንዳልተከላከለ በርዕሱ ላይ ሳይቀር ጽፏል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ በ654 እናቶች ላይ መጠኑን ወደ 0.5 ሚሊ ግራም ከፍ አድርጎ ድባቴው ከ19.6 በመቶ ወደ 12.8 በመቶ መቀነሱን ዘግቧል። በእነዚህ አኃዞች መሠረት ስናሰላ አንዲትን እናት ከድባቴ ለመጠበቅ ዐሥራ አምስት ያህል እናቶች መድኃኒቱን መውሰድ ይኖርባቸዋል። አስቀድመው በተለዩት ላይ በተደረገው የኤስኬታሚን ጥናት ግን አምስት ያህል ይበቃሉ። መድኃኒቶቹም የምርመራ ስልቶቹም ስለሚለያዩ ንጽጽሩ ሻካራ መሆኑን አልክድም። ቢሆንም አቅጣጫው ግልጽ ነው፤ ከመርፌው ኃይል ያላነሰ ሥራ የሠራው መርፌው ከመያዙ በፊት የተጠየቀው ጥያቄ ነው።

ያን ጥያቄ በእኛ ዘንድ ማን ይጠይቃል? ነፍሰ ጡሯ ለእርግዝና ክትትል ስትመጣ የደም ግፊቷ ይለካል፣ ደሟና ሽንቷ ይመረመራል፣ ለኤችአይቪና ለቂጥኝ ትመረመራለች፣ የብረት እንክብል ይሰጣታል፣ የፅንሱ የልብ ትርታ ይደመጣል። ይህ ሁሉ ለሕይወት መዳን የተከፈለ ዋጋ ነውና አላቃልለውም። «ከፍቶሽ ያውቃል? እንቅልፍ ይወስድሻል? ከባልሽ ጋር እንዴት ናችሁ?» የሚለው ግን በአዋላጇ ደግነትና በወረፋው ርዝመት ላይ የተመሠረተ ነው። ከወሊድ በኋላማ የባሰ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ የድኅረ ወሊድ ምርመራ ያገኙት እናቶች 34 በመቶ ብቻ ነበሩ። በእርግጥ በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት በሆስፒታል ስለምትቈይ ከሌሎቹ ይልቅ ለመጠየቅ ትቀርባለች። ቁስሏ ይታያል፤ ሙቀቷ ይለካል። ስሜቷ ግን የማንም የሥራ ድርሻ ሆኖ አልተጻፈም።

መጠየቅ ብቻውንም አይበቃም፤ በምን ቋንቋ? የኤዲንብራው መለኪያ በ1987 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ዐሥር ዓረፍተ ነገሮች ነው። ከእነዚህ አንዱ ቃል በቃል ሲመለስ «ነገሮች በላዬ ላይ ወጥተዋል» ይሆናል። ለአንዲት አራስ ይህን ብናነብላት ምን እንደ ወጣባት ትጠይቀናለች። የእኛ እናት «ሆድ ይብሰኛል»፣ «ጭንቅ ጥብብ ይለኛል»፣ «ከፍቶኛል» ትላለች፤ ወይም ራሷን እንደሚያማትና ሰውነቷ እንደሚከብዳት ብቻ ትናገራለች። የአገራችን ተመራማሪዎች ይህን ያስተዋሉት ቀድመው ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመው የቡታጅራ ጥናት መለኪያው በገጠር እናቶች ዘንድ በሚገባ እንዳልሠራ ሲያሳይ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የአዲስ አበባ ጥናት ደግሞ በከተማ እናቶች ዘንድ የተሻለ ውጤት አግኝቶበታል። በአንድ አገር፣ ምናልባትም በመቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ፣ አንድ መለኪያ ሁለት ፊት አሳየ ማለት ነው። ከገጠር ወረዳ ተልካ በከተማ ሪፈራል ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና የምትወልደውን እናት በየትኛው እንለካት?

ከመለኪያው በላይ ደግሞ ሰላምታው አለ። አራስ ለመጠየቅ የሚገባ ሁሉ ደፉን ሳይሻገር «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል። መልካም ሰላምታ ነው፤ ከሞት አፋፍ መመለሷን ያውቃል። የተማረች ሴት ግን አዝናለሁ ብትል ምሕረቱን የናቀች፣ ልጁንም የጠላች ትመስላለች። በቀዶ ሕክምና የወለደችው ደግሞ ሁለት ጊዜ የተረፈች ናትና ዝምታዋ ይጠብቃል። ለዚህ ነው በእርግዝና ጊዜ፣ ሰላምታው ሳይመጣ፣ መጠየቅ የሚበልጠው።

ስለ ጊዜም አንድ ነገር ልጨምር። የውጭ ጥናቶች ዋና መለኪያቸውን በ42ኛው ቀን አድርገዋል። ይህ ቀን ለእነርሱ ከሕክምናው የክትትል ልማድ የመጣ ነው። ለብዙ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ እናቶች ግን 42ኛው ቀን ሌላ ትርጉም አለው፤ ወንድ የወለደችው ልጇን በአርባ ቀኑ ክርስትና ያስነሣችበት ሳምንት ነው፤ ሴት የወለደችው ደግሞ ገና እስከ ሰማንያ ቀን ትቈያለች። እስከዚያ ድረስ ገንፎው ይገነፋል፣ እናት ወይም እህት ከጎኗ ታድራለች፣ ከባድ ሥራ አትነካም። ክርስትናው አልፎ እንግዳው ሲበተንና እናቷ ወደ ቤቷ ስትመለስ ውኃ መቅዳቱም፣ ልብስ ማጠቡም፣ ገና ያልጠነከረው ጠባሳም በእርሷ ላይ ይቀራል። በ42ኛው ቀን ብቻ ብንለካ ወንድ ከወለደችው ይልቅ ሴት የወለደችው የተሻለች መስላ ልትታየን ትችላለች፤ ይህም በመድኃኒቱ ሳይሆን ከጎኗ ባለው ሰው ብዛት ነው። ይህ ግምት ነው እንጂ ግኝት አይደለም፤ ሆኖም የጥናት ንድፍ ሊያስብበት የሚገባ ግምት ነው። በሌሎች የእምነትና የባህል ማኅበረሰቦችም የአራስነት ወሰን የራሱ ቀን አለው።

ከዚህ ቀጥዬ የማነሣው ለሙያ ባልደረቦቼ ይበልጥ የቀረበውን ጉዳይ ነው። ብዙዎቻችን አዲስ መረጃ ከምንሰበስብ ያለፉትን ሰነዶች እንመርምር ብለን እናስባለን። በየቀዶ ሕክምና ክፍላችን በጀርባ ማደንዘዣ ከሚወልዱ እናቶች አንዳንዶቹ አስቀድሞም ኬታሚን ያገኛሉ። ማደንዘዣው ሳይበቃ ቀርቶ ሕመም ሲሰማቸው እንሰጣለን፤ አጥብቆ ሲያንቀጠቅጣቸው በአነስተኛ መጠን እንሰጣለን። እንግዲህ ኬታሚን ያገኙትን ካላገኙት ጋር በሰነድ ብናወዳድር ምን እናገኛለን? የምናወዳድረው ሆዷ ሲከፈት ሕመም የተሰማትን እናት ሕመም ካልተሰማት ጋር ነው። በቀዶ ሕክምና መካከል መታመም ራሱ ለአእምሮ ጠባሳ ምክንያት መሆኑ ስለሚታወቅ ውጤቱ ኬታሚን ድባቴን ያባብሳል የሚል ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ በከንቱ ይወነጀላል። እንዲህ ያለው ጥናት በአንድ ሴሚስተር ያልቃል፤ በዚያው ልክ ያሳስታል።

የሕመሙ ነገር ከሁሉ ይልቅ አእምሮዬን ይዞታል። ቀደም ብዬ ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች አንድ ዓይነት ውጤት ማሳየታቸው ያስጠረጥራል ብያለሁ። ሁለቱም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለውን ሕመም ይቀንሳሉ። ዴክስሜዴቶሚዲን በተጨማሪ እንቅልፍ ይሰጣል። ክፉኛ ያመማትና ሁለት ሌሊት ያልተኛች ሴት ስሜቷ ቢሰበር ምን ይገርማል? ምናልባት ከጥቅሙ አንድ ክፍል «ድባቴ መከላከያ» የሚል ስም የሚያስፈልገው ሳይሆን በሚገባ የተሰጠ የሕመም ማስታገሻ ይሆናል። በእኛ ዋርድ እናቲቱ ራሷ የምትጫነው ፓምፕ ብርቅ ነው። በአብዛኛው ያለው በሰዓት የታዘዘ ዳይክሎፌናክና ትራማዶል ሲሆን፣ ነርሷ ብቻዋን በሆነችበት ሌሊት ሰዓቱ ይዘገያል፤ ሕመም የሴት ዕጣ ነው ተብሎ የሚታለፍበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ በአገራችን የሚደረግ ማንኛውም ሙከራ የንጽጽሩን ቡድን በተለመደው የማስታገሻ አሰጣጥ ላይ ሊተወው አይገባም። ይህ በሥነ ምግባር ረገድ ግዴታ ነው፤ በሳይንስ ረገድ ደግሞ አለበለዚያ መድኃኒቱ የድባቴን ሥር ነካ ወይስ ሕመሙን ብቻ አስታገሰ የሚለውን ለይተን አናውቅም።

«ርካሽ ነው፣ አይጎዳም፣ ታዲያ ምን እንጠብቃለን?» የሚለውን ተቃውሞ ከአንድ በላይ ከሆኑ ባልደረቦች ሰምቻለሁ። ርካሽነቱ እውነት ነው፤ አሜሪካ በ2019 እ.ኤ.አ. ለድኅረ ወሊድ ድባቴ የፈቀደችው ብሬክሳኖሎን ስድሳ ሰዓት በደም ሥር የሚንጠባጠብና ዋጋው በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቈጠር እንደ ነበር ላስታወሰ ኬታሚን በረከት ነው። አለመጉዳቱን ግን በጥንቃቄ እንየው። በኤስኬታሚኑ ጥናት የማዞር፣ ነገር ሁለት ሆኖ የመታየትና መሰል የነርቭና የአእምሮ ምልክቶች መድኃኒቱን ካገኙት በ45.1 በመቶው፣ ማስመሰያውን ካገኙት ደግሞ በ22 በመቶው ላይ ታይተዋል። በአንድ ቀን ውስጥ ጠፍተዋል። ያ አንድ ቀን ግን እናት ልጇን ለመጀመሪያ ጊዜ የምታቅፍበት ቀን ነው። ዴክስሜዴቶሚዲን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይቀንሳል፤ የጀርባ ማደንዘዣውም ግፊትን ይቀንሳል። ኬታሚን በተቃራኒው ግፊት ይጨምራል። በውጭዎቹ ጥናቶች ከባድ የእርግዝና ችግር ያለባቸው እናቶች አልተካተቱም። የእኛ ቀዶ ሕክምናዎች ግን በአመዛኙ ድንገተኛ ናቸው፤ ምጥ ጠንቶባት፣ ደም ፈስሷት ወይም ግፊቷ ንሮ ከሩቅ የመጣች እናት ብዙ ናት። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ በቀዶ ሕክምና የወለዱት 2 በመቶ ገደማ ሲሆኑ በአዲስ አበባ 21 በመቶ ገደማ መሆናቸው የሚነግረን ይህንኑ ነው። ገጠር ላይ ቀዶ ሕክምናው የሚደረስበት የመጨረሻ ደጃፍ ነው። እዚያ የምትደርሰው ሴት ከቻይናው ጥናት ተሳታፊ ጋር በአንድ መስመር ላይ የቆመች አይደለችም።

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው። «ድባቴ አለባት ብለን ከለየናት በኋላ የት እንልካታለን? የአእምሮ ሐኪም በሌለበት ምርመራው ምን ይፈይዳል?» ይላል። ይህን ሙሉ በሙሉ ልመልሰው አልችልም። ይሁን እንጂ አገራችን የዓለም ጤና ድርጅትን የአእምሮ ጤና ክፍተት መርኀ ግብር ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስትሞክር ቈይታለች፤ የመርኀ ግብሩ ዋና ሐሳብ ድባቴን ሐኪም ያልሆነ የጤና ባለሙያ ሊያውቀውና ሊረዳው ይችላል የሚል ነው። ከዚህም በላይ የምርምር ሥራ ራሱ የሚያስከትለው ግዴታ አለ፤ የመለኪያው ዐሥረኛ ጥያቄ እናቲቱ ራሷን ለመጉዳት አስባ እንደሆነ ይጠይቃል። «አዎ» ብላ የመለሰችልንን ሴት መልስ በቅጽ ላይ አስፍረን ወደ ቤቷ የምንሸኛት ከሆነ ጥያቄውን ባንጠይቃት ይሻላል። ስለዚህ የስነ አእምሮ ነርስ ያልተካተተበት የአንስቴዥያ ጥናት ዕቅድ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት ባይቀርብ ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ጥናቱ ይደረግ፤ ነገር ግን ተገልብጦ ይደረግ። ይጀምር ከእርግዝና ክትትል ክፍል፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት፣ በአማርኛም በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎችም እናቶች በሚናገሩበት አነጋገር ተስተካክሎ በተፈተነ መጠይቅ። ድንገተኛና በቀጠሮ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ለየብቻ ይመደብ። ጥቅም ላይ የሚውለው በእጃችን ያለው ኬታሚን ይሁን፤ የኤስኬታሚኑ መጠን በቀጥታ ሊገለበጥ ስለማይችል መጠኑም አስቀድሞ በአነስተኛ ጥናት ይወሰን። ሁለቱም ቡድኖች ሙሉ የሕመም ማስታገሻ ያግኙ፤ ሕመሙና እንቅልፉም በየቀኑ ይመዝገብ። ለክትትሉ አዲስ ቀጠሮ መፍጠር አያስፈልግም፤ እናቲቱ ለክትባት ልጇን አዝላ በስድስተኛው፣ በዐሥረኛውና በዐሥራ አራተኛው ሳምንት፣ ኋላም በዘጠነኛው ወር ትመጣለች። ሕፃኑ ሲከተብ እርሷ ትጠየቅ። ሰማንያ ቀኑም በዚህ መካከል ያልፋል።

ይህ ሁሉ በአንድ የማስተርስ ተማሪ ዕድሜ አያልቅም። እኔ የያዝኩት የመጀመሪያውን ቁራጭ ብቻ ነው፦ በቀጠሮ ለቀዶ ሕክምና የተመዘገቡ እናቶች ከወሊድ በፊት ስለ ስሜታቸው ሲጠየቁ ምን እንደሚሉና በየትኛው መጠይቅ ይበልጥ እንደሚናገሩ። በዚህ ጥናት ውስጥ አንድም መርፌ የለም። አማካሪዬ ርዕሱን ሲያነቡ «ይህ የአንስቴዥያ ጥናት ነውን?» ብለው ጠይቀውኛል፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚደረገው ግምገማ የእኛ ሥራ እስከሆነ ድረስ ነው ብዬ መልሻለሁ። ከፍ ያለው ሙከራ በአንስቴዥያ፣ በማህፀንና ጽንስ፣ በሥነ አእምሮና በአዋላጅ ነርስነት ክፍሎች የጋራ ዕቅድ መሆን ይኖርበታል። ከእነዚህ ክፍሎች በአንዱ ርዕስ በመምረጥ ላይ ያላችሁ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ካላችሁ፣ መጠይቁን ከቡታጅራና ከአዲስ አበባ ልምድ ተነሥቶ የማስተካከሉ ክፍል ገና ባለቤት አላገኘም።